ሰማያዊዋን ላዳ ቢጫ ለማድረግ ስንት ፊዚክስ ያስፈልጋል?

የአንድን መኪና ቀለም ለመለወጥ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው መኪናውን ጋራዥ አስገብቶ ለባትላሜራና ለቀለም ሠራተኛ ማስረከብ ነው። አሮጌው ቀለም ይፋቃል፤ የተጎዳው ላሜራ በስቱኮ ይደፈናል፤ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፤ ከዚያም አዲሱ ቀለም በኮምፕሬሰር ይረጫል። ቀናት ይፈጃል፤ ገንዘብም ይጠይቃል። ሁለተኛው መንገድ የመኪናውን ፎቶግራፍ በኮምፒዩተር ወይም በእጅ ስልክ ከፍቶ በምስል ማስተካከያ ሶፍትዌር መለወጥ ነው። ይህኛው አንድ ደቂቃ እንኳ ላይፈጅ ይችላል።

ብዙ ወጣቶች ሁለተኛውን መንገድ እንደ ጨዋታ ያዩታል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ጨዋታው የኦፕቲክስ ትምህርት መሆኑን፣ በሁለተኛ ደረጃም ሆነ በዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ቦታ ሊሰጠው እንደሚገባ ለመከራከር እንፈልጋለን። ፎቶግራፍ በፍርድ ቤት፣ በኢንሹራንስ፣ በመኪና ሽያጭና በመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ እንደ ማስረጃ ይቀርባል። ማስረጃው እንዴት እንደሚሠራ ያላወቀ ሰው እንዴት እንደሚበላሽም ሊያውቅ አይችልም።

እንደ ምሳሌ የአዲስ አበባን ጎዳናዎች ለበርካታ ዓመታት ያገለገለችውን ላዳ ታክሲ እንውሰድ። አካሏ ሰማያዊ፣ ጣሪያዋ ነጭ ነው፤ የማያውቃት አንባቢ ይኖራል ብለን አንገምትም። በጠራ ቀን፣ በቀትር ፀሐይ መንገድ ዳር ቆማ የተነሣች አንዲት ላዳ ፎቶግራፏ በእጃችን አለ እንበል። ሥራችን ሰማያዊውን ቢጫ፣ ነጩን ቀይ ማድረግ ነው። ሥራው አንድ ይመስላል እንጂ ሁለት ነው፤ ሁለቱም የሚከብዱት በተለያየ ምክንያት ነው።

በቅድሚያ በፎቶግራፉ ውስጥ ያለው «ቀለም» ምን እንደሆነ እንመልከት። ዲጂታል ፎቶግራፍ ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ሲሆን እያንዳንዱ ፒክስል ሦስት ቁጥሮችን ይይዛል፤ አንዱ ለቀይ፣ አንዱ ለአረንጓዴ፣ አንዱ ለሰማያዊ። በተለመደው አሠራር እያንዳንዱ ቁጥር ከ0 እስከ 255 ይደርሳል። በመሆኑም 256 × 256 × 256፣ ማለትም 16,777,216 ጥምረቶች ይገኛሉ። ቁጥሩ ብዙ ይመስላል። ይሁንና ላሜራው ላይ ያለው ቀለም ከዚህ የበለጠ ነገር አለው፤ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ባለው የሞገድ ርዝመት ውስጥ በእያንዳንዱ ርዝመት ምን ያህል ብርሃን እንደሚያንጸባርቅ የሚያሳይ ሙሉ መስመር በግራፍ ሊሣልለት ይችላል። ካሜራው ያን መስመር ወደ ሦስት ቁጥር ይጨምቀዋል። ከሦስቱ ቁጥሮች ተነሥቶ ወደ መስመሩ መመለስ አይቻልም።

ቁጥሮቹ ሦስት የሆኑት ከዓይናችን የተነሣ ነው። ቶማስ ያንግ በ1802 እ.ኤ.አ. ዓይን ቀለማትን ሁሉ ለመለየት ሦስት ዓይነት ተቀባዮች እንደሚበቁት ሐሳብ አቀረበ። ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1861 እ.ኤ.አ. በለንደኑ ሮያል ኢንስቲትዩሽን ይህንኑ በፎቶግራፍ አሳየ። ባለ ብዙ ቀለም ጥብጣብ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ማጣሪያ በኩል ለየብቻ ተነሣ፤ ምስሎቹ በየማጣሪያቸው በኩል ሸራ ላይ ሲደራረቡ ጥብጣቡ ከነቀለሙ ታየ። የሚገርመው ነገር፣ በዚያን ዘመን የነበረው የፎቶግራፍ ሰሌዳ ቀይ ብርሃንን አይቀበልም ነበር። ከ100 ዓመት በኋላ በኮዳክ ኩባንያ የተደረገ ምርመራ እንዳመለከተው፣ በቀዩ ማጣሪያ በኩል አልፎ ሰሌዳውን የነካው ቀዩ ጨርቅ ያንጸባረቀው አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። የመጀመሪያው የቀለም ፎቶግራፍ ቀይ በቀይ ብርሃን የተጻፈ አልነበረም ማለት ነው! ፎቶግራፍ ቀለምን «እንዳለ ይቀዳል» ለሚሉ ወገኖች ይህን ታሪክ ደጋግመን ብንነግራቸው ደስ ይለናል።

አሁን ወደ ላዳዋ እንመለስ። ምስል ማስተካከያ ሶፍትዌሮች ሦስቱን ቁጥሮች ሰው ቀለምን በሚገልጽበት አኳኋን እንደገና ያቀርቧቸዋል፤ ይኸውም የቀለሙ ዓይነት፣ ጥልቀቱና ብሩህነቱ ተብለው ይከፈላሉ። ይህን አከፋፈል አልቪ ሬይ ስሚዝ በ1978 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። የቀለሙ ዓይነት በ360 ዲግሪ ክብ ላይ ይቀመጣል፤ ቀይ በ0፣ ቢጫ በ60፣ አረንጓዴ በ120፣ ሰማያዊ በ240 ዲግሪ ላይ ይውላል። ፀሐይ የመታው የላዳዋ በር ቁጥሮች በቅደም ተከተል 40፣ 80 እና 160 ናቸው ብንል የቀለሙ ዓይነት 220 ዲግሪ ይሆናል። ተንሸራታቹን ቁልፍ ወደ 60 ስንገፋው ቁጥሮቹ 160፣ 160 እና 40 ይሆናሉ። ይህ ቢጫ ነው። ሶፍትዌሩም ብሩህነቱን አልነካሁም ይላል፤ ትልቁ ቁጥር ቀድሞም 160 ነበር፣ አሁንም 160 ነውና።

ዓይን ግን በዚህ አይስማማም። በተለመደው የኮምፒዩተር መስፈርት መሠረት ለብሩህነት ስሜት አረንጓዴው 72 በመቶ፣ ቀዩ 21 በመቶ፣ ሰማያዊው 7 በመቶ ያህል ያዋጣሉ። በዚህ ላይ በፋይሉ ውስጥ ያለው ቁጥር ከብርሃኑ መጠን ጋር እኩል አይሄድም፤ 128 የ255 ግማሽ ቢሆንም የሚወክለው ብርሃን 22 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ አስገብተን ብናሰላው የሰማያዊው በር ብሩህነት ከሙሉ ነጭ 9 በመቶ ገደማ ሲሆን የቢጫው 33 በመቶ ገደማ ይደርሳል። «ያልተነካው» ብሩህነት ወደ አራት እጥፍ ተጠግቷል። በእርግጥ እውነተኛ ቢጫ ቀለምም ከሰማያዊ የበለጠ ብርሃን ያንጸባርቃል፤ ምን ያህል የበለጠ እንደሆነ የሚወሰነው ግን በቀለሙ ቆርቆሮ ውስጥ ባለው ንጥረ ነገር ነው። ተንሸራታቹ ቁልፍ ስለዚያ ንጥረ ነገር አንዳች አያውቅም። አራት እጥፉ ከሒሳቡ አሠራር እንዲሁ የወጣ ቁጥር ነው።

ከዚህ የሚከፋው ኮፈኑ ላይ ይጠብቀናል። የመኪና ቀለም ብርሃንን በሁለት መንገድ ይመልሳል። አንዱ ክፍል ገና ሽፋኑን ሲነካ እንደ መስታወት ተንጸባርቆ ይመለሳል፤ ቀጥ ብሎ ለሚወርድ ብርሃን ይህ ከ100 እጅ 4 እጅ ያህል ሲሆን ብርሃኑ ገደድ ባለ ቁጥር ይጨምራል። የቀረው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከቀለሙ ቅንጣቶች ጋር እየተጋጨ ከፊሉ ይዋጣል፣ ከፊሉ በየአቅጣጫው ተበትኖ ይወጣል። መኪናዋን ሰማያዊ የሚያሰኛት ይህ ሁለተኛው ክፍል ብቻ ነው። የመጀመሪያው የላዳዋን ቀለም አያውቀውም፤ የፀሐይን ነጭ ነጥብ እንደ ነጭ፣ የሰማይን ሰማያዊ እንደ ሰማያዊ ይመልሳል። ስቲቨን ሼፈር የተባሉ ተመራማሪ በ1985 እ.ኤ.አ. ይህን ሐሳብ ኮምፒዩተር ሊሠራበት በሚችል ቀመር አስቀምጠውታል፤ በእያንዳንዱ ፒክስል ውስጥ ያለው ብርሃን የሁለቱ ክፍሎች ድምር ነው ማለታቸው ነው።

ተንሸራታቹ ቁልፍ ግን ድምሩን እንጂ ተደማሪዎቹን አያይም። በመሆኑም ኮፈኑን በሙሉ ወደ ቢጫ ሲያዞር ኮፈኑ ላይ የተንጸባረቀውን ሰማይ አብሮ ቢጫ ያደርገዋል። ከላይ ሰማዩ ሰማያዊ፣ ኮፈኑ ላይ ግን ቢጫ! ላዳዋን አስቸጋሪ የሚያደርጋትም ይኸው ነው፤ ቀለሟም ሰማዩም ሰማያዊ ስለሆኑ የትኛው ከየትኛው እንደመጣ በቁጥሮቹ ብቻ መለየት ይከብዳል። ቀይ መኪና ብትሆን ኖሮ ሥራው ይቀል ነበር።

የጣሪያው ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። የነጭ ጣሪያ ቁጥሮች፣ ለምሳሌ 230፣ 232 እና 235፣ እርስ በርሳቸው እኩል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። የቀለም ዓይነት የለውምና ተንሸራታቹን 360 ዲግሪ ብናሽከረክረው ጣሪያው ያው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ብዙ ጀማሪዎች እዚህ ላይ ሶፍትዌሩ ተበላሸ ይላሉ። ለፊዚክስ ግን ከሁሉ የሚቀለው ነጩ ነው። ነጭ ቀለም የመጣለትን ብርሃን ሁሉ በእኩል መጠን ስለሚመልስ የጣሪያው ፒክስል በዚያ ቦታ ምን ያህል ብርሃን እንደወደቀ የተመዘገበበት ሰነድ ነው። አዲሱ ቀይ ቀለም ከ100 እጅ ቀይ ብርሃን 60ውን፣ ከአረንጓዴውና ከሰማያዊው 5፣ 5 እጅ ይመልሳል እንበል። በእያንዳንዱ ፒክስል የተመዘገበውን ብርሃን በ0.60፣ በ0.05 እና በ0.05 ማባዛት ብቻ ይበቃናል። ጥላው በቦታው ይቀራል፤ የጣሪያው ጉብታም ሳይዛባ ይታያል። ማባዛቱ በብርሃኑ መጠን ላይ እንጂ በፋይሉ ቁጥር ላይ አለመሆኑን ብቻ መጠንቀቅ ነው። አንድ ቦታ ግን አቅመ ቢስ እንሆናለን። ፀሐይ በርትታ ሦስቱም ቁጥሮች 255 የደረሱበት ነጥብ ላይ እውነተኛው ብርሃን ከ255 በላይ ስንት እንደነበር ማንም አያውቅም። ሞልቶ የፈሰሰ እንስራ ስንት ውኃ እንደወረደበት አይናገርም።

ነጭን ወደ ሌላ መለወጥ ይህን ያህል ከቀለለ ጥቁርን ነጭ ማድረግስ? በላዳዋ ፋንታ ጥቁር መኪና እናስብ። ጥቁር ቀለም ወደ ውስጥ የገባውን ብርሃን አብዛኛውን ይውጠዋል። የሚመልሰው 4 እጅ፣ ነጩ ደግሞ 80 እጅ ነው ብንል ጥቁሩን ነጭ ለማድረግ ብርሃኑን በ20 ማባዛት ይኖርብናል። በጥላ በኩል ያሉ ሁለት ፒክስሎች 12 እና 13 የሚል ቁጥር ቢኖራቸው ከማባዛቱ በኋላ 77 እና 80 ይሆናሉ። 78 እና 79 የሉም፤ ካሜራው አልጻፋቸውም። ሴንሰሩ በራሱ የሚፈጥረው መዋዠቅም 20 እጥፍ ይባዛል። ከዚያ በላይ ደግሞ የጥቁር መኪና ምስል በአብዛኛው የአካባቢው ምስል ነው፤ የሚታየን በሽፋኑ ላይ የተንጸባረቀው ሰማይ፣ ሕንፃና መንገደኛ ነው። ይህን ማባዛት ሰማዩንና ሕንፃውን ማባዛት ነው። ስለዚህ ጥቁሯን መኪና አሳምሮ ነጭ ያደረገ ሰው ወይም ሶፍትዌር ከፎቶግራፉ ያልተገኘ ነገር ከራሱ ጨምሮ ጽፏል። ድርሰት ነው ብንል አላጋነንም።

ለዋጩ በሩንና ጣሪያውን አሳምሮ ቢጨርስ እንኳ መኪና ብቻውን አይቆምም። ፀሐይ የመታው ሰማያዊ በር በአጠገቡ ባለው አስፋልት ላይ ሰማያዊ ብርሃን ይረጫል፤ በሩ አጠገብ በቆመው ሾፌር ነጭ ሸሚዝ ላይም እንዲሁ። የኒኬል ፓራውልቱ የመኪናውን ከፊል አካል ያሳያል። በሩ ቢጫ ሆኖ ሸሚዙ ሰማያዊ ወገግታ ከያዘ ነገሩ ተነቅቷል። ሌላም አለ። የተለመደው የጄፔግ ፋይል ቦታ ለመቆጠብ ሲል የቀለሙን መረጃ ብዙውን ጊዜ ከብሩህነቱ መረጃ በግማሽ ባነሰ ጥራት፣ በአግድምም በቁልቁልም፣ ያስቀምጣል። ሰማያዊውና ነጩ በሚገናኙበት መስመር ላይ ቀለሙ አንድ ሁለት ፒክስል አልፎ ይፈሳል። ለዋጩ መስመሩን ተከትሎ ቢቀባ እንኳ አሮጌው ሰማያዊ እንደ ቀጭን ክር በዳር ይቀራል። ምስሉን አጉልቶ ማየት ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባብያን «ካሜራው ራሱስ ይለውጥ የለም ወይ?» ብለው ቢጠይቁን ጥያቄው ተገቢ ነው። ብራይስ ባየር በኮዳክ የፈለሰፈውና በ1976 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት የተሰጠው የማጣሪያ አደራደር ዛሬም በአብዛኛዎቹ ካሜራዎች ውስጥ ይሠራል። በዚህ አደራደር እያንዳንዱ ፒክስል ከሦስቱ ቀለማት አንዱን ብቻ ይለካል፤ ግማሾቹ አረንጓዴን፣ ሩቦቹ ቀይን፣ ሩቦቹ ሰማያዊን። የቀሩት ሁለት ሁለት ቁጥሮች ከጎረቤት ተሰልተው የሚሞሉ ናቸው። ስለሆነም በፎቶግራፍ ውስጥ ካሉት ቁጥሮች ሁለት ሦስተኛው አልተለካም። ካሜራው ከዚህ ሌላ የብርሃኑን ምንጭ ገምቶ ነጩን ነጭ ያደርጋል። ያልተነካ ፎቶግራፍ የሚባል ነገር እንግዲህ የለም።

ይህ ግን ሁሉም ንክኪ እኩል ነው ወደሚል መደምደሚያ አያደርስም። ሐብል ቴሌስኮፕ በ1995 እ.ኤ.አ. ያነሣውን «የፍጥረት ዓምዶች» የሚባለውን ዝነኛ ምስል እንመልከት። ከሰልፈር የመጣው ብርሃን ቀይ፣ ከሃይድሮጅን የመጣው አረንጓዴ፣ ከኦክስጅን የመጣው ሰማያዊ እንዲሆን ተመድቧል። የሃይድሮጅኑ ብርሃን በዓይን ቢታይ ቀይ ነበር፤ አረንጓዴ ያደረጉት ጋዞቹን ለያይቶ ለማሳየት ነው። የትኛው ቀለም ለየትኛው ጋዝ እንደተሰጠ ስለተጻፈ ማንኛውም ተመራማሪ ወደ ኋላ ተመልሶ መለኪያውን ሊያገኝ ይችላል። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይሉ የለ?

ያ መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚከተል ደግሞ ሳይንስ ራሱ አይቶታል። ጆርናል ኦፍ ሴል ባዮሎጂ የተባለው መጽሔት ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተቀባይነት ያገኙ ጽሑፎችን ምስሎች አንድ በአንድ መመርመር የጀመረው በምስል ማስተካከያ ሶፍትዌር የተነካኩ የሙከራ ውጤቶች ስለ በዙ ነበር። የደቡብ ኮሪያው ተመራማሪ ሁዋንግ ዉ-ሱክና ባልደረቦቹ ስለ ሰው ግንደ ሕዋስ በሳይንስ መጽሔት ያሳተሟቸው ሁለት ጽሑፎች በ2006 እ.ኤ.አ. ተሰርዘዋል። ተደጋግመው የቀረቡ ፎቶግራፎች ጥርጣሬውን ከቀሰቀሱት ምልክቶች መካከል ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የተለመደው ደንብ ይህ ነው፦ ብሩህነትን ወይም ንጽጽርን በመላው ምስል ላይ በእኩል ማስተካከል ይፈቀዳል፤ አንዱን ክፍል ለይቶ መንካት ግን አይፈቀድም። የመኪና ቀለም መለወጥ በባሕርዩ አንዱን ክፍል ለይቶ መንካት ነው። ኮፈኑን ከሰማዩ፣ በሩን ከሸሚዙ ለይቶ የመምረጥ ልምምድ፣ በማይክሮስኮፕ ምስል ላይ አንዱን ሕዋስ ከሌላው ለይቶ ለመንካት የሚያስፈልገው ያው ችሎታ ነው።

ዛሬ ደግሞ ነገሩ ፍጥነት ጨምሯል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ፕሮግራሞች «መኪናዋን ቢጫ አድርጋት» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ተቀብለው በሩንም፣ ሸሚዙንም፣ ፓራውልቱንም አስማምተው ይሠራሉ። ከላይ የዘረዘርናቸው ምልክቶች እየሳሱ መሄዳቸው አይቀርም። ይህ ፊዚክሱን ከንቱ ያደርገዋል የሚሉ ባልደረቦች አሉን፤ አንስማማም። ምልክቱ በምስሉ ላይ ካልተገኘ ማስረጃው መፈለግ ያለበት በመጀመሪያው ፋይል ውስጥ ነው፤ የመጀመሪያው ፋይል ምን ሊነግር፣ ምን ሊደብቅ እንደሚችል የሚያውቀው ደግሞ ይህን ሥራ በገዛ እጁ ሠርቶ ያየ ሰው ነው። በውጭ አገር በተማርንበት ቤተ ሙከራ ከመሣሪያው የወጣው ፋይል ላይ ማንም እንዳይጽፍ ክልክል ነበር፤ ሥራው ሁሉ የሚሠራው በቅጂው ላይ ነበር። ይህን ደንብ ለማስገባት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም።

ሌላው የሚቀርብብን ተቃውሞ «ለተማሪ ማጭበርበርን ታስተምራላችሁ» የሚል ነው። ማጭበርበሩ በአንድ ቁልፍ በየኪሱ አለ፤ በትምህርት ቤት የጎደለው የቁልፉ ውስጥ ነው። ወጪውም ሰበብ አይሆንም። ጊምፕ የተባለው ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል፤ በ1995 እ.ኤ.አ. የጀመሩትም በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ይማሩ የነበሩ ሁለት ተማሪዎች፣ ስፔንሰር ኪምቦልና ፒተር ማቲስ ናቸው። ፕሪዝም የሌለው ትምህርት ቤት እንኳ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተርና አንድ የእጅ ስልክ ካለው ስለ ነጸብራቅ፣ ስለ ብርሃን መዋጥና ስለ ዓይን ባሕርይ ማስተማር ይችላል።

የምናቀርበው መልመጃ ሁለት የቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜ የሚበቃው ነው። ተማሪው በመንገድ ላይ የቆመ አንድ መኪና ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ታርጋው እንዳይታይ ይጠነቀቃል። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የአንዱን በር የፀሐይና የጥላ ቁጥሮች ያነብባል፣ ወደ ብርሃን መጠን ይቀይራል፣ አዲሱን ቀለም በስሌት ያወጣል። በሁለተኛው ቀለሙን ይለውጥና ምስሉን ለጓደኛው ይሰጣል፤ ጓደኛው አስፋልቱን፣ ስፖኪዮውን፣ የቀለሙን ዳር እየመረመረ የተለወጠውን ይፈልጋል። ውጤቱ የሚረከበው ከሦስት ነገሮች ጋር ነው፤ የመጀመሪያው ፋይል፣ የተለወጠው ፋይልና የተደረገውን ሁሉ በቅደም ተከተል የሚዘረዝር አንድ ገጽ። የመጀመሪያው ፋይል ያልተያያዘበት ሥራ አይታረምም። የመኪናውን ምርጫ ለተማሪው እንተዋለን፤ ጥቁር መኪና የመረጠ ግን ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ መጠየቁ አይቀርም።